ሙሽሪትና በቅሎ

«ለድሬሰር ቃሬዛ ይበቃዋል» አለ ወንድሜ። ይህን ያለው ለእኔ አይደለም፤ ለእኔማ ከጥር ወር ጀምሮ አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ያለው ለንብረት ክፍሉ ለሞላ ነው። እኔ፣ የደብረ ታቦር ሆስፒታል አምቡላንስ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢዋ፣ ከወንድሜ ቢሮ ጣውላ ግድግዳ ማዶ የዕለቱን ፋሻና አልኮል ልረከብ ቆሜ ነበር፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ እንኳን ንግግር ሳል ያሳልፋል። «ኮሚቴው ዘጠኝ ሰዓት ይቀመጣል፤ ደብዳቤው ነገ ከአውቶቡሱ ጋር መሄድ አለበት። አንተ ነጩ ተመርጧል ብለህ ቃለ ጉባኤውን ከአሁኑ አዘጋጅ። ድሬሰርና ሹፌር ጠርተን ምን ልንጠይቃቸው ነው?» ሲል ሞላ ሳቀለት። እኔ ፋሻዬን ቆጥሬ ተረከብሁና ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭኜ ፈረምሁ። ንዴት ሲይዘኝ እንዲህ ነኝ፤ ከአፌ ቀድሞ እጄ ይናገራል።

ነገሩ የልብ መሣሪያ ነገር ነው። ልብ መምታቱን ትቶ ብርድ እንደያዘው ሰው ዝም ብሎ ሲንቀጠቀጥ፣ ደረት ላይ ሁለት እጀታ አስደግፎ በኤሌክትሪክ የሚያስደነግጠውና ወደ ምቱ የሚመልሰው መሣሪያ። በክረምቱ የውጭ እርዳታ ሰዎች ሁለት ዓይነት ለናሙና አመጡ። እኔንና ሹፌሩን አለሙን ሳምንት ሙሉ ካሠለጠኑን በኋላ «የሚበረክተውን መርጣችሁ ጻፉልን፤ ለእናንተና ለጎረቤት አውራጃዎች አምቡላንሶች አራት እንልካለን» ብለው ሄዱ። አንደኛው ነጭ ነው፤ ሰፊ መስታወት አለው፣ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ መስመር ይሮጣል፣ ቁልፎቹ ሁሉ ይበራሉ። የአስተዳደር ኃላፊው ወንድሜ ቢሮው ውስጥ፣ ከመፈክሩ ሥር ካለው ቁም ሣጥን ላይ አኑሮ የተተኮሰ ጨርቅ አለበሰው፤ ከክፍለ ሀገር እንግዳ ሲመጣ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ያሳያል። አለሙ «ሙሽሪት» አላት። ሁለተኛው የጥይት ሣጥን የመሰለ አረንጓዴ ብረት ነው፤ መስኮቱ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም፣ ማንገቻው ደግሞ ወፍራም ጠፍር ነው። ማንም ስላልፈለጋት አምቡላንሱ ውስጥ ከአግዳሚው ሥር ቀረች፤ «በቅሎ» አልናት። ሦስት ሳምንት ከእኛ ጋር ስትናጥ ከርማ አንድ ቀን አመመኝ ብላ አታውቅም።

ወንድሜ ፈንታሁን ታላቄ ነው። የምንኖረው አንድ ጣራ ሥር፣ አባታችን በተወልን ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። የተኳረፍነው በጓዳው ምክንያት ነው፤ ዝርዝሩ አሰልቺ ስለሆነ ይቅር። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ገበታ ላይ ቀርበን የምንነጋገረው በአክስታችን በእትዬ ዘነበች በኩል ነው። «የአጥር በሩን ማታ ማን እንደዘጋው ጠይቂልኝ» ይላታል፤ ክንዱ ክንዴን ሊነካ ምንም አልቀረው። እትዬ ዘነበችም ወደ እኔ ዞር ብላ ያንኑ ትደግምልኛለች። አንዳንድ ቀን ሲሰለቻት ሁለታችንንም ዝም ትለናለች፤ ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ማኘክ ብቻ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት አዲስ ነጠላ ለብሼ ብቅ ስል «ነጠላ ሃያ አራት ብር ገባ አሉ፤ ይገርማል» አለ ለእትዬ ዘነበች። እኔ ዳቦዬን በልቼ ወጣሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ከክምር ድንጋይ ስልክ ተደወለ። የደወለው አንድ አስተማሪ ነው። ከጉና ግርጌ ካለው ጠበል የገባ አያሌው የሚባል ገበሬ ከንጋት ጀምሮ ደረቱን አንቆ ይዞታል፣ ግራ እጁ ከብዶታል፣ ያልበዋል አለ። ይህን ስሰማ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሁለቱንም መሣሪያዎች ይዤ እሄዳለሁ፤ እኔም አልፈርድ፣ ወንድሜም አይፍረድ፣ መንገዱ ይፍረድ። ወንድሜ ወደ ቀበሌ ወጥቶ ስለነበር ሞላን ሙሽሪትን ስጠኝ አልሁት።

«ጓድ ፈንታሁን ሳይፈቅድ?» አለኝ ዓይኑን አፍጥጦ።

«ወረቀቷ ላይ የአምቡላንስ ናሙና ይላል። ታዲያ አምቡላንስ ሲወጣ ያልወጣች መቼ ልትወጣ ነው?»

ሞላ የጽሑፍ ነገር ይወዳል። «በራሴ ኃላፊነት፣ ያለ አለቃ ፈቃድ ተረክቤአለሁ፤ ብልሽት ቢደርስባት በሥራዬ እጠየቃለሁ» የሚል በሁለት ቅጅ አስፈረመኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበትን ሥራ በአንድ ወረቀት ላይ እንዳስያዝሁ አውቄዋለሁ። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ግን ያን ነጭ ነገር በአራት አውራጃ መንገድ ላይ ይዞ የሚዞረው ድሬሰር እኔን መሳይ ነው፤ እሱ አንድ ቀን ከሕመምተኛ ፊት ቆሞ መሣሪያው እጁ ላይ ሲጠፋበት ታየኝ። ፈርሜ ወጣሁ።

ከደብረ ታቦር ወደ ክምር ድንጋይ የሚወስደውን መንገድ መንገድ ነው ለማለት ልብ ይጠይቃል። ክረምቱ ወጣ ቢባልም ጎርፉ ጠጠሩን ጠርጎ ድንጋዩን ብቻ ትቶታል። ሙሽሪትን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኋት፤ አድልዎ ነበር ከተባለ ለእሷ ነበር። በቅሎ ከአግዳሚው ሥር ከቃሬዛውና ከመለዋወጫው ጎማ ጋር ስትላተም ድምጿ ይሰማኛል። የመጀመሪያው ድልድይ ጋ አለሙን አስቆምሁና ሁለቱንም አበራኋቸው፤ ሁለቱም በሩ። ከዋናው መንገድ ወጥተን የእርሻውን ዳር ይዘን መኪና የሚያልፍበት እስኪያልቅ ሄድንና ደግሜ አበራኋቸው። በቅሎ እንደ ቅድሙ ናት። የሙሽሪት መስመር ግን ጠፋ መለስ አለ። «መኪና አቅለሽልሿት ነው፤ ስትወርድ ይሻላታል» አለ አለሙ። እሱ ሰው ሲሞትም ቢሆን ቀልድ አያጣም፤ አንድ ቀን ይህ ቀልዱ ያስደበድበዋል እያልሁ እሰጋለሁ።

ከዚያ በታች የግማሽ ሰዓት ቁልቁለት ነው። ከጠበሉ አራት ጎረምሶች ሊቀበሉን መጥተው ስለነበር ባዶውን ቃሬዛ ሰጠኋቸው። በቅሎን እኔ በጠፍሯ አነገትኋት፤ ትከብዳለች፣ ግን ጀርባ ላይ ትቀመጣለች። የሙሽሪት መሸከሚያ አንዲት ቀጭን ማንጠልጠያ ናት፤ ለጠረጴዛ እንጂ ለቁልቁለት ያሰባት የለም። አለሙ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ እግሩን የሚያስቀምጥበትን ሳያይ ወረደ። ሁለት ጊዜ አዳለጠው፤ ሁለቱንም ጊዜ በቂጡ ተቀምጦ እሷን አዳናት። ይህን አስታውሱልኝ፤ ሙሽሪት አንድም ጊዜ አልወደቀችም።

ጠበሉ ግቢ ጫማችንን አውልቀን ገባን። አያሌው ገና ከጠበሉ መውጣቱ ነው፤ በረጠበ ጋቢ ተጠቅልሎ እርጥቡ ንጣፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። የደም ሥሩን ስይዘው ምቱ ይዘላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይዘላል። አሁኑኑ እናንሣው አልሁ። ሚስቱ ማሬ አጠገቡ ተንበርክካ ነበር፤ ረጋ ያለች ሴት ናት። «እኅቴ፣ ሱባኤው ሰባት ቀን ነው። ዛሬ ገና አምስተኛው ነው፤ ስእለት ስላለበት ሳይሞላ አይነሣም» አለችኝ። ዘመዶቹም ከኋላዋ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ሳስብ አያሌው አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰና በጎኑ ተጋደመ።

ለቅሶው ወዲያው ተነሣ። ማሬ እግሩን አቅፋ ወደቀችበት፣ ወንድሞቹ ትከሻውን ያዙ፣ የጠበሉ ቄስ ፈጥነው መጥተው የእጅ መስቀላቸውን ደረቱ ላይ አስደግፈው ጸሎት ጀመሩ። እዚህ አገር ነፍስ ስትወጣ ሰው ብቻውን አይተውም፤ እጅ የደረሰ ሁሉ ይይዘዋል። እኔ ከእጆቹ መካከል ገብቼ ደረቱን መጫን ያዝሁ። አለሙ የሙሽሪትን ሽቦና እጀታ ዘረጋ፤ ቅርብ የነበረችው እሷ ናት። ቁልፉን ሲጫን በራች፣ መስመሩ አንድ ጊዜ ሮጠ፣ ከዚያ ጭልም አለች። ደግሞ ተጫነ። ሽቦውን ነቅሎ ሰካ፣ ጎኗን መታ መታ አደረጋት፣ ምንም የለም። ቀና ብሎ ሲያየኝ ያ ቀልደኛ ፊቱ ወረቀት መስሏል።

«ተዋት፤ በቅሎዋን አምጣ» አልሁት።

አያሌውን ከእርጥቡ ድንጋይ ላይ ጎትተን ሣር ላይ አወጣነው። ደረቱ ጠበል ያንጠባጥባል፤ ኤሌክትሪክና ውኃ እንዴት እንደሆኑ አሠልጣኞቹ አስፈራርተው ነግረውናል። ዙሪያዬን ባይ ደረቅ ጨርቅ የለም፤ ሁሉም የጠበል ሰው ነው፣ ሁሉም ርሷል። አዲሱን ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ደረቱን አደረቅሁበት። ማተቡ ላይ የብር መስቀል ነበረችበት፤ ልበጥሰው አልደፈርሁም፣ ወደ ማጅራቱ አዞርሁለት። በቅሎ በዚያች ትንሽ መስኮቷ የሚንቀጠቀጥ መስመር አሳየችኝ። አልሞተም፤ ልቡ መንገድ ስቶ ነው እንጂ አልሞተም። እጀታዎቹን አንሥቼ ቀና ስል የቄሱ መስቀል አሁንም ደረቱ ላይ ነው።

«አባ፣ መስቀሉን ያንሡልኝ። ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪኩ አንቱንም ይይዛል።»

«በዚህ ሰዓት መስቀል አንሡ ትይኛለሽ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ አዝነውብኝ ነው።

«አልሞተም፣ አባ። ይልቀቁልኝና እመልሰዋለሁ።»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥሁ። እንዲህ ተብሎ ቃል አይሰጥም፤ ያውም በሰው ሚስት ፊት። ቄሱ ለአፍታ አዩኝና መስቀሉን ከደረቱ አንሥተው ከፍ አድርገው በአየር ላይ ያዙት። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ «ሁላችሁም እጃችሁን አንሡ። ማሬ፣ እግሩን ልቀቂ፤ እኔ አለሁ» አሉ። እኔ ብጮህ የማይሰማኝ ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ማሬም መዳፎቿን ዘርግታ፣ እንዳልነካች እያሳየችኝ፣ ወደ ኋላዋ ተንፏቀቀች።

የመጀመሪያው ንዝረት ገላውን አዘለለውና ሰውን አስጮኸ፤ መስመሩ ግን እንደተንቀጠቀጠ ነው። አለሙ ደረቱን እየተጫነ እኔ በቅሎ ኤሌክትሪኳን እስክትሞላ ቆጠርሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ቁጥር ቆጥሬ አላውቅም። ሁለተኛውን ስሰጠው መስመሩ ቀጥ አለ፣ በጣም ቆየ መሰለኝ፣ ከዚያ አንድ ምት ብቅ አለች። ቀጥላ ሌላ። አያሌውን ሳል አናወጠው፣ ዓይኑን ገለጠ፣ የከበበውን ሰው ሁሉ አየና «ስንተኛ ቀኔ ነው?» አለ።

«አምስተኛ» አለች ማሬ።

«ሁለት ይቀረኛላ» ብሎ ሊነሣ ሲሞክር ትከሻውን ይዤ አስተኛሁት። ቄሱ በመስቀላቸው ግንባሩን ዳሰሱትና «የቀረውን ሁለት ቀን እኔ እቆምልሃለሁ። ስእለትህ አይጎድልም፤ አንተ ከእነዚህ ልጆች ጋር ሂድ» አሉት። ጠበልም በጀሪካን ተቀድቶ ለማሬ ተሰጣት። ያን ጊዜ እኔ ደሳለች፣ ምላሴ እንጂ እንባዬ የማይቀርብ፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ደስ ብሎኝ ነው።

አቀበቱን ስምንት ሰው እየተቀባበለ ቃሬዛውን አወጣው። መንገድ ላይ የቃሬዛው አንደኛው እጀታ ተሰበረና በገመድ አሰርነው። በቅሎን ከአያሌው እግር ሥር አስረናት ስለነበር ቃሬዛው ድንጋይ በነካ ቁጥር የምትመታው እሷ ናት፤ መሐል ላይ ደግሞ ካፊያ መጥቶ አጠባት። መኪናው ጋ ስንደርስ አበራኋት፤ በራች። አያሌው እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ዓይኑን ገልጦ፣ የሚስቱን እጅ ይዞ መጣ። እሷ በየመሐሉ ደረቱ ላይ እጇን ታሳርፋለች፣ ምቱን ስታገኘው ታነሣለች።

ሆስፒታል ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዶክተር ማሩን ከስብሰባው አስጠርቼ በሽተኛውን አስረከብሁት፤ ከዚያ እንደነበርሁ፣ እግሬ ጭቃ፣ ነጠላዬ ጨርቅ ሆኖ፣ ለማንም ሳልናገር ኮሚቴው ወደተቀመጠበት ወደ ወንድሜ ቢሮ ገባሁ። አለሙ ሙሽሪትን እንዳቀፈ ተከተለኝ። ሞላ ቆሞ ቃለ ጉባኤውን እያነበበ ነበር። አምስት ሰው በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል፤ ቁም ሣጥኑ ላይ የተተኮሰው ጨርቅ ባዶውን ታጥፎ ይታያል። በቅሎን ከወንድሜ ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኋት፤ ጭቃዋ ወረቀቱን ነካው።

ወንድሜ ቀና ብሎም አላየኝም። ወደ ሞላ ዞሮ «ጓድ ሞላ፣ ነጩን ማን ፈቅዶላት እንዳወጣች ጠይቃት» አለ። ቢሮ ውስጥም እትዬ ዘነበች አላጣም።

ሞላ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት ዶክተር ማሩ እጁን እያደረቀ ገባ። ወጣት ነው፤ ብዙ አይናገርም። «ልቡ በደንብ እየመታ ነው። በዚህ አውራጃ ልቡ ከቆመ በኋላ ከሞት መንገድ ተመልሶ የመጣ ሰው ስቀበል የመጀመሪያዬ ነው» አለና ሁለቱን መሣሪያዎች አየ። «እስቲ አብሯቸው።»

አለሙ ሙሽሪትን አስቀምጦ ቁልፏን ተጫነ። ክፍሉ ሁሉ ጠበቀ፤ እሷ ግን ዝም አለች። በቅሎን እኔ ተጫንኋት። ጭቃዋ ሳይጠረግ በራች።

«ይህማ ወድቃባቸው ነው» አለ ሞላ፤ ያስፈረመኝን ወረቀት ከኪሱ እያወጣ።

«ከእጄ አልወረደችም» አለ አለሙ። «አራቱ ጎረምሶች ምስክሬ ናቸው። ደሳለች ጭን ላይ በመኪና ሄደች፣ እኔ እቅፍ ውስጥ ወረደች፣ ሌላ ያገኛት ነገር የለም።»

«በመኪና ስለሄደች የምትበላሽ ከሆነ» አልሁ እኔ፣ «የተጠየቅነው ለመኪና የሚሆነውን እንድንመርጥ አይደለም ወይ?»

ዶክተር ማሩ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ወንድሜን አየው። ፈንታሁን የተዘጋጀውን ወረቀት አንሥቶ ለሁለት ቀደደው። ሌላ ወረቀት አወጣ፣ ከሥሩ ካርቦን አደረገ፣ በራሱ እጅ ይጽፍ ጀመር። ጽሕፈቱ የአባታችን ጽሕፈት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የማይቸኩል። ሲጨርስ ኮሚቴው ፈረመ። ከዚያ ወረቀቱን ለሞላ አልሰጠውም፤ ጠረጴዛው ላይ ገፍቶ እኔ ፊት አደረሰውና «ፈርሚ» አለኝ።

ከጥር ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ናት። ቶሎ ልፈርም እጄ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ያዝሁት።

«መጀመሪያ ላንብበው፣ ጓድ ፈንታሁን» አልሁ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ቃል በቃል፣ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት፤ ኮሚቴው በሙሉ ጠበቀኝ። አረንጓዴው ተመርጧል ይላል፣ አራት ይላክልን ይላል። «እዚህ ጋ በኮሚቴው ጥናት የሚለውን በአምቡላንስ ሠራተኞች ሙከራ ይበሉት» አልሁ። ሰርዞ ጻፈ። «ደግሞም ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር አንድ አንድ ደረቅ ፎጣ ይጨመር።» ለምን ሊለኝ ቀና ሲል ዓይኑ ነጠላዬ ላይ አረፈ፤ ጭቃና ጠበል፣ የአያሌው ላብ፣ ሃያ አራት ብር። ለምኑን ትቶ «አራት ደረቅ ፎጣ» ብሎ ጻፈ።

ብዕሩን ከእጁ ተቀበልሁ፤ ግን ገና አልጨረስሁም ነበር።

«ቃሬዛም ጨምርበት» አልሁት፣ አንቱታውን ትቼ። «የእኛው ዛሬ ተሰብሯል። ለድሬሰር ይበቃዋል ብለህ የለም?»

ወንድሜ ጣውላውን ግድግዳ አየ፣ እኔን አየ። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ፤ አባባም ሲያፍር እንዲሁ ነበር የሚሆነው። ከዚያ ብዕሩን መልሶ ወሰደ፣ ጎንበስ አለና ከፎጣው ሥር «አንድ ቃሬዛ» ብሎ ጻፈ።

ያን ጊዜ ፈረምሁ።